የኤምጂ ባለ ጆሮ ዳዶ ወደ የት ነው የሚፈታው? ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እርዱኝ

የጦሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ትቶልኝ ያለፈ በፈረንጅ የ1967 ኤምጂቢ አለችኝ፣ ሁለት ሰው የምትይዘው ጣሪያዋ የሚታጠፈው እንግሊዝ ሰራሽ። ቸርኬዋ ባለ ራጂ ነው፣ እንደ ብስክሌት ጎማ በቀጫጭን ሽቦ የተወጠረ፣ እንደሌላው መኪና አራት አምስት ቡሎን የለውም፣ መሀል ላይ ሁለት ጆሮ ያለው አንድ ትልቅ ኒኬል ዳዶ ብቻ ነው ሙሉውን ጎማ የያዘው፣ ስፒነር ይሉታል፣ ጆሮውን በመዶሻ እየመቱ ነው የሚያጠብቁትም የሚፈቱትም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ አራቱንም ቸርኬ አስፈትቼ ዝገቱን አስነስቼ ብርማ ቀለም አስቀባሁ። ያኔ የፈቱልኝ አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፣ እኔ ስራ ላይ ስለነበርኩ አፈታታቸውን አላየሁም፣ አሁን አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ገብተዋል ስልካቸውም አይሰራም። ከዛ ባለፈው እሁድ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ ቀኝ በኩል ቀጭ ይላል፣ ለቅቄ ነዳጅ ስሰጥ እንደገና ቀጭ። ደነገጥኩ፣ ቀስ ብዬ ወርጄ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ልጁ ትልቅ የብረት መዶሻ ይዞ መጣና እንፍታውና እንየው አለኝ፣ በቀኝ በኩል ወደ ግራ መታው እምቢ አለ፣ በግራ በኩል ወደ ቀኝ መታው እምቢ አለ፣ እየጨመረ ሲመታ አንዱ ጆሮ ጎበጠ ኒኬሉም ተላጠ። ልቤ ነው የተሰበረው፣ አባቴ ያንን ዳዶ በጨርቅ ሲወለውል ነው ያደኩት።

ሌላ ቦታ ስጠይቅ ደግሞ አንድ ሰው የሾፌር በኩል ያለው ግራ ጥርስ ነው፣ ማለትም ከተለመደው በተቃራኒ ወደ ቀኝ ዞሮ ነው የሚፈታው አለኝ። የኔ መሪ በግራ ነው፣ ታዲያ ግራው ነው ግራ ጥርስ ማለት ነው? ግራ ገባኝ በቃ። ወደ የት ነው የሚመታው፣ በምን መዶሻ፣ ምን ያህል ነው የሚጠብቀው፣ ቀጭ ቀጩስ አደጋ አለው ወይ? አሁን መኪናዋን ደሴ በቀስታ አድርሼ አቁሜአታለሁ።

ጎሚስታ ኮምቦልቻ

ወንድሜ አብሽር፣ በመጀመሪያ ከእንግዲህ በሷ እንዳትወርድ፣ ያ ድምጽ ሲኖር ወደ ደሴ መመለስህም ልክ አልነበረም።

ልጁ ለምን እንደዛ እንዳደረገ ግን ገብቶኛል። እኛ እዚህ ቀኑን ሙሉ የምንፈታው አይሱዙ ነው። ኤንፒአር በለው ኤፍኤስአር በለው የድሮዎቹ የቀኝ ጎማ ዳዶ ቀኝ ጥርስ ነው፣ የግራ ጎማ ዳዶ ግራ ጥርስ ነው፣ የብስክሌት ፔዳልም እንደዛው ነው ግራው ግራ። እጃችን ሳናስበው ነው የሚሄደው። ስለዚህ በግራ ጎማ ወደ ቀኝ መታ፣ በቀኝ ጎማ ወደ ግራ መታ፣ ለአይሱዙ ሁለቱም መፍቻ ነው። ያንተ መኪና ግን እኔ እንደማውቀው የተገላቢጦሽ ነው፣ አንድ ጊዜ ለሰርግ የመጣች ባለ ራጂ ጃጓር ጎማ ተበስቶባት ያየሁት ነው፣ ያቺም በቀኝ በኩል ነበር ግራ ጥርሷ። ይህ ከሆነ ልጁ ሲፈታ ሳይሆን በደንብ ሲያጠብቅልህ ነው የዋለው። የሚያውቅ ካለ ያረጋግጥልን።

የድሮ መኪና

ጎሚስታው ልክ ነው። ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ አስመራም አዲስ አበባም እንዲህ አይነት መኪኖች ላይ ሰርቻለሁና ላስረዳህ።

ግራና ቀኝ ስንል ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠህ ወደ ፊት ስታይ ያለውን ነው፣ መኪናው ፊት ለፊት ቆመህ ስታይ ያለውን አይደለም። የግራ ጎማዎች ፊትም ኋላም ቀኝ ጥርስ ናቸው፣ እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ዞረው ይፈታሉ። የቀኝ ጎማዎች ግራ ጥርስ ናቸው፣ ወደ ቀኝ ዞረው ይፈታሉ። የሾፌር በኩል ያለህ ሰው የተናገረው ከእንግሊዝ መጽሐፍ ነው፣ እነሱ ሀገር ሹፌሩ በቀኝ ስለሚቀመጥ ለነሱ እውነት ነው። እኛም ሀገር ዱሮ በግራ ነበር የሚነዳው፣ በ1956 ዓ.ም ነው ወደ ቀኝ የዞረው፣ ያንተ መሪ ግን በግራ ነው። የሾፌር በኩል፣ የተሳፋሪ በኩል የሚል ነገር እርሳው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ለተለማማጆቼ ያስተማርኩት ይሄን ነው። ከላይ ያለውን ጆሮ ወደ መኪናው አፍንጫ ከመታኸው ይፈታል፣ ወደ መኪናው ኋላ ከመታኸው ይጠብቃል። በአራቱም ጎማ እኩል ይሰራል፣ ግራ ቀኝ ማሰብ የለም። በሌላ አነጋገር መኪናው ወደፊት ሲሄድ ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ መፍታት ነው። ዳዶው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መፍቻውን የሚያሳይ ቀስትና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀርጾበታል፣ ኒኬሉን ጥረግና እይ፣ ግን ዳዶው ከሌላኛው ጎን ተቀይሮ እንዳልመጣ በዓይንህ አረጋግጥ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትል፣ ይሄ አሰራር ራጅ ዊትዎርዝ ከሚባል የእንግሊዝ ብስክሌት ፋብሪካ ነው የመጣው፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት። ጎማው ሞዞው ላይ፣ ማለትም ቸርኬው የሚሰካበት መሀል ያለው ብረት ላይ፣ በስፕላይን ማለትም እርስ በርስ በሚገቡ የቁመት ጥርሶች ነው የሚቀመጠው፣ ፍሬኑንም ጉልበቱንም የሚሸከመው ስፕላይኑ ነው፣ ዳዶው ጎማውን ወደ ውስጥ ጨቁኖ ሾጣጣው መቀመጫ ላይ መያዝ ነው ስራው። የመኪናው ክብደት ስላለበት ጎማው በዞረ ቁጥር በዓይን የማይታይ መንሸራተት አለ፣ ያ መንሸራተት ዳዶውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጥርሱም ይሄ ግፊት ወደ ማጥበቅ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተቆረጠው። በዚህ ተማምኖ ግን በእጅ ብቻ አጥብቆ መሄድ የለም፣ መጀመሪያ በመዶሻ በደንብ መጥበቅ አለበት። እና አንድ ሰው ሞዞውን ግራና ቀኝ ቀያይሮ ከገጠመ ዳዶው መንገድ ላይ ራሱን ይፈታል፣ ጎማው ጥሎህ ይሄዳል ማለት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ዳዶው ሲወጣልህ ጥርሱን ተመልከት፣ ቀኝ ጎማ ላይ ግራ ጥርስ መሆኑን በዓይንህ ሳታይ አትግጠም።

የጦሳ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከላይ ያለው ጆሮ ወደ አፍንጫ የሚለው ገባኝ፣ አሁኑኑ ወርጄ አየሁት፣ ከኒኬሉ ስር ቀስቱ አለ! ቀኝ ጎማ ላይ ቀስቱ ወደ አፍንጫዋ ነው የሚያሳየው። ልጁ በተቃራኒው ነው ሲመታ የነበረው ማለት ነው። አሁን ይሄን ያህል የጠበቀውን እንዴት ነው የምፈታው፣ የብረት መዶሻ እንደገና ላነሳበት አልችልም።

ቶርኖ ቤት

የብረት መዶሻ በፍጹም። ለዚህ ስራ ውጭ ሀገር የሚሸጠው አንዱ ፊቱ መዳብ ሌላው ፊቱ የተጠቀለለ ጥሬ ቆዳ የሆነ መዶሻ ነው፣ ወይም ሙሉ እርሳስ የሆነ። ሀሳቡ መዶሻው ከዳዶው እንዲለሰልስ ነው፣ መዶሻው ይጎዳ ዳዶው ይትረፍ።

እዚህ የመዳብ ዘንግ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ካገኘህ ቶርኖ ላይ ቆርጦ እጀታ ማስገባት ቀላል ነው፣ ሁለት ኪሎ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀላል መዶሻ ብዙ ጊዜ ስለሚያስመታህ ነው ጆሮውን የሚያበላሸው። እርሳስ ከሆነ ደግሞ ጎሚስታዎች ከቸርኬ የሚያወልቁት የባላንስ እርሳስ አለ፣ ጠርሙስ ሙሉ አጠራቅመው ነው የሚጥሉት፣ እሱን አቅልጦ ቱቦ ውስጥ ማፍሰስ ይቻላል፣ ግን ጭሱ መርዝ ነው፣ ሜዳ ላይ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ልጆች በሌሉበት፣ የምግብ እቃ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ። የባትሪ እርሳስ እንዳትነካ እሱ አሲድም ሌላም አለበት የባሰ ነው።

እኔ ግን ከመዶሻ ሁሉ የምመርጠው የእንጨት ቁልፍ ነው። ወፍራም የዋንዛ ወይም የባህር ዛፍ ሳንቃ ውሰድ፣ የዳዶውን ቅርጽ ከነጆሮው በወረቀት ላይ ገልብጠህ ለአናጢ ስጠው፣ በዛ ቅርጽ ቀዳዳ ያውጣልህ፣ ከሳንቃው ጀርባ ረጅም አጣና በቡሎን አስረህ ወደ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን እጀታ አድርግለት። ዳዶው ላይ ታለብሰውና በሰውነትህ ክብደት ትጫነዋለህ፣ ሁለቱም ጆሮ እኩል ነው የሚገፋው፣ መዶሻ ግን አንዱን ጆሮ ብቻ ነው የሚመታው። ጭረት የለም ድምጽ የለም። ከጎበጠው ጆሮ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ያውጣልህ፣ ያንን ጆሮ በቀዝቃዛው ለማቃናት አትሞክር ሊሰበር ይችላል።

ዳዶ የምትቀይር ከሆነ ሳትቆጥር አትግዛ። የኤምጂ ሞዞ ሁለት አይነት ነው፣ በአንድ ኢንች 8 ጥርስ ያለውና 12 ጥርስ ያለው፣ ጅማሬው ላይ የገባ ይመስልና በመዶሻ ስትመታው የሞዞውን ጥርስ በልቶ ያበቃለታል። ማስመሪያ አስጠግተህ ቁጠር።

ለጠበቀው ደግሞ ማታ ዳዶውና ቸርኬው የሚገናኙበት ላይ ሰርጎ ገብ ዘይት ነፍተህ አሳድረው። እሳት እንዳታሳየው፣ ጎማውም ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶም አለ።

የባቲ መንገድ

እኔ መሬት ላይ እያለ ነው የምፈታውም የማጠብቀውም፣ ክሪክ ላይ ሆኖ ከመታኸው መኪናው ከክሪኩ ይወርዳል፣ አደጋ ነው። ለምን ያወሳስባሉ?

የድሮ መኪና

ወንድሜ ለመፍታት እስማማለሁ፣ የመጀመሪያውን ምት መሬት ላይ ሆኖ መምታት ጥሩ ነው፣ ያኔ ጎማው አይዞርም መኪናውም አይወዛወዝም። ከላላ በኋላ ግን ክሪክ ላይ ማንሳት። ለማጥበቅ ሲሆን ግን አልስማማም፣ ጎማው መሬት ላይ ከሆነ የመኪናው ክብደት ስላለበት ቸርኬው ሾጣጣው ላይ መሀል ለመሀል አይቀመጥም፣ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፣ ያጋደለው ደግሞ ትንሽ ሄደህ ሲስተካከል ዳዶው ላልቶ ይቀራል። ስለዚህ ጎማው በጣም ትንሽ ብቻ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ሰው ፍሬን ይዞ፣ ተቃራኒው ጎማ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ተደርጎበት፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን ከስሩ ጠንካራ ድጋፍ ገብቶለት ነው የሚመታው። ያልከው አደጋ እውነት ነው፣ መፍትሄው ድጋፍ ማስገባት ነው። አውርደህ ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክረው።

ልኩን ለጠየቅከው ልጄ፣ ለዚህ ዳዶ በቁጥር የሚነገር ልክ የለም፣ በጆሮና በዓይን ነው። መጀመሪያ ስትመታ ድምጹ ደፍን ያለ ነው ዳዶውም በየምቱ ይሄዳል፣ እየጠበቀ ሲመጣ አካሄዱ ያጥራል፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ጠንካራ ድምጽ ይሰጥሃል ከዛም አይንቀሳቀስም። እዛ ላይ አቁም። በጠመኔ ከዳዶው እስከ ቸርኬው አንድ መስመር አስምርበት፣ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

እሙ ሀናን

ሁላችሁም ስለ ዳዶው ታወራላችሁ ቀጭ የሚለውን ግን ማንም አላነሳውም። አባቴ ጋራዥ ነበረው፣ እኔም እዛው ነው ያደኩት፣ ይሄን ድምጽ አውቀዋለሁ።

ፍሬን ሲያዝ አንዴ ነዳጅ ሲሰጥ አንዴ ቀጭ ካለ ቸርኬው ስፕላይኑ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ወይ ዳዶው አልጠበቀም ወይ ስፕላይኑ ተበልቷል። ዳዶው ላልቶ ብዙ ከተሄደበት ደግሞ ስፕላይኑ ይበላል፣ አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ልጁ አጥብቆ ስለመታው ከዛ በኋላ ወደ ደሴ ስትወጣ ድምጹ ነበር ወይስ ጠፋ? እሱን ብትነግረን ጥሩ ነበር።

ሌላው፣ ቸርኬውን ቀለም አስቀባሁ ብለሃል። ቀቢው መሀሉን ሸፍኖ ነው የቀባው? ውስጥ ያሉት ሾጣጣ መቀመጫዎች ላይ ቀለም ካለ ስትመታ የጠበቀ ይመስልሃል፣ ግን ቀለሙ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ትንሽ ሄደህ ቀለሙ ሲፈጭ ያ ሁሉ ጥብቀት ይጠፋል። አባቴ ሰው ቀለም ቀብቶ ሲያመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን መላጥ ነበር፣ እስከ ንጹህ ብረት ድረስ፣ ስፕላይኑ ውስጥ ያለውንም ጭምር።

ሳትፈታው መመርመር ከፈለክ ጎማውን ከመሬት አንሳ፣ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ፣ ጎማውን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደፊት ወደኋላ ሞክረው። ሞዞው ቆሞ ቸርኬው ከተንቀሳቀሰ አገኘኸው። ከፈታኸው በኋላ ደግሞ ስፕላይኑ ላይ እንደ በርበሬ ያለ ቀይ ዱቄት ካለ ሲፋተግ ነበር ማለት ነው። ጥርሶቹ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ እንደ መጋዝ ሾለው ካገኘሃቸው አበቃ፣ ያኔ ሞዞውም ቸርኬውም አብሮ ነው የሚቀየረው፣ አዲስ ቸርኬ በተበላ ሞዞ ላይ ብትገጥም አዲሱንም ይበላዋል። ደህና ከሆነ በናፍታ አጥበህ አድርቀህ ስፕላይኑን፣ የዳዶውን ጥርስና ሾጣጣዎቹን ስስ አድርገህ ግራሶ ቀባ፣ በደረቁ አትግጠም። ግራሶው ወደ ፍሬኑ እንዳይወረወር ግን አታብዛው።

የጦሳ ልጅ

እሙ ሀናን አላህ ያክብርልኝ፣ ስለ ድምጹ ልክ ነሽ፣ ልጁ ከመታው በኋላ ስመለስ ለግማሽ መንገድ ያህል ጠፍቶ ነበር ከዛ ወደ ደሴ ስጠጋ በትንሹ ጀመረ። ቀለሙን አላሰብኩትም፣ ቀቢው ሁሉንም ነው የቀባው መሰለኝ ምክንያቱም ሲመጣልኝ ውስጡም ብር ብሎ ነበር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የተቀበልኩት። እንጨቱን ነገ አሰራለሁ።

የጦሳ ልጅ

ሰዎች፣ ሳምንት ሆነኝ ይቅርታ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አናጢ የዋንዛ ሳንቃ ላይ ቅርጹን አወጣልኝ፣ እጀታው ከኔ ቁመት ትንሽ ነው የሚያንሰው። ዘይቱን ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ከዛ ቅዳሜ ጠዋት መሬት ላይ እያለች፣ ወንድሜ ፍሬን ይዞ፣ የቀኝ ኋላውን ከላይ ወደ አፍንጫዋ ተጫንኩት፣ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ሁለተኛ ላይ ጧ ብሎ ለቀቀ፣ እኔ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። የግራውም እንዲሁ። ጋሼ የነገሩኝን ጥርሱን አየሁ፣ ቀኙ ግራ ጥርስ ግራው ቀኝ ጥርስ ነው፣ በቦታቸው ናቸው። ቆጠርኩትም፣ አራቱም ዳዶ አንድ አይነት ናቸው።

ቸርኬው ሲወጣ እሙ ሀናን ያልሽው ነው፣ ሾጣጣው ላይ ሙሉ ቀለም፣ ኋላ ቀኙ ላይ ቀለሙ ግማሹ ተፈጭቶ እንደ ሊጥ ተንከባሎ ተቀምጧል፣ ስፕላይኑ ላይም ቀይ ዱቄት አለ። የጥርሶቹ አናት ግን ገና ጠፍጣፋ ነው፣ ፎቶ አንስቼ ለአንድ መካኒክ አሳየሁት ደህና ነው አለኝ። አንድ ሙሉ ቀን በቀለም ማስለቀቂያና በጨርቅ አራቱንም እስከ ብረቱ ላጥኩ፣ ጥፍሬ አሁንም ብርማ ነው፣ በናፍታ አጥቤ ግራሶ ቀባሁ። ከፍ አድርጌ ድጋፍ አስገብቼ በእንጨቱ አጠበቅኩ፣ መጨረሻ ላይ ቶርኖ ቤቶች በሰሩልኝ መዳብ ጥርት እስኪል ሶስት ሶስት ምት ጨመርኩ፣ ጠመኔ አሰመርኩ።

እሁድ ሐረጎን ወረድኩ። በቀስታ፣ መስኮቱን ከፍቼ እያዳመጥኩ። ቀጭ የሚል የለም። ኮምቦልቻ ደርሼ ሳይ የሶስቱ መስመር እንዳለ ነው፣ የኋላ ቀኙ ግን በጣት ውፍረት ያህል ወደ መጥበቂያው ሄዷል። እዛው አንስቼ እንደገና አጠበቅኩት፣ ደሴ ተመልሼ ሳይ አልተንቀሳቀሰም። ይሄ ልክ ነው ጋሼ?

የድሮ መኪና

ልክ ነው ልጄ፣ የቀረ ቀለም ወይም ግራሶ ተቀምጦ ነው፣ የተንቀሳቀሰውም ወደ መጥበቂያው ስለሆነ አትስጋ። ሃይቅ ድረስ ደርሰህ ስትመለስ እንደገና እየው፣ ከዛ በኋላም ረጅም መንገድ ከመውጣትህ በፊት ሁልጊዜ። ቀጭ የሚለው ከተመለሰ ግን አትነጋገርበት፣ ሞዞና ቸርኬ እዘዝ።

የጎበጠውን ጆሮ ተወው፣ ይሰራል። ወደፊት መቀየር ከፈለግክ ደግሞ ጆሮ የሌለው ባለ ስምንት ማዕዘን ዳዶም አለ፣ አሜሪካኖች በፈረንጅ ከ1968 ጀምሮ ጆሮው ወጣ ያለ ስለሆነ እግረኛ ይመታል ብለው ስለከለከሉ ለነሱ የተሰራ ነው፣ በራሱ ቁልፍ ነው የሚፈታው። እኔ ግን የአባትህን ባላወጣው ነው የምመርጠው።

ጎሚስታ ኮምቦልቻ

ማሻአላህ። ያ ልጅ እኔ ጋ ሁለት ሱቅ አልፎ ነው የሚሰራው መሰለኝ፣ ነግሬዋለሁ በጣም ነው ያዘነው፣ ወደ አፍንጫ የሚለውንም ያዘው። በሚቀጥለው ስትወርድ እንጨቱን ይዘህ ና፣ ቅርጹን እንገልብጠው። የባላንስ እርሳስም ከፈለግክ ሁለት ጠርሙስ አስቀምጬልሃለሁ።